የአምፔሊዮ ካኔፓ የማጉረምረም መብት

አምፔሊዮ ካኔፓ ምግብ ሲጥመው ያጉረመርማል። ካልጣመው ግን ቃል አይወጣውም፤ ሳህኑን በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ በመስኮት ወደ ወደቡ ያያል። ባለቤቱ ኤዲልያ ይህን ጠባዩን ለማወቅ ከሠርጋቸው በኋላ አንድ ሙሉ ክረምት ፈጅቶባታል። ያን ሰሞን ሚኔስትሮኔ፣ ያንኑ የእኛን ወፍራም የአትክልት ሾርባ ሠርታ ብታቀርብለት «ዘግይቶ መጣ፤ ደግሞም ቀዝቅዟል። ባቄላው በደንብ አልበሰለም። እናቴ ድንቹን እንዲህ አትቆርጠውም ነበር» እያለ በላ። ኤዲልያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ስትመለስ ድስቱ ባዶ ነበር፤ አምፔሊዮም የድስቱን ግድግዳ በዳቦ እየጠረገ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ አላለቀሰችም። ለመደችው።

እኛ ጄኖቫዎች እንዲህ ነን፤ ምን ይደረግ። ሽማግሌዎቻችን የሚያወሩት አንድ ታሪክ አለ። በሸራ መርከብ ዘመን መርከበኛ ሲቀጠር ሁለት ዓይነት ውል ይቀርብለት ነበር ይባላል። አንደኛው ደመወዙ ደህና ነው፤ ግን አፍ ዘግቶ መሥራት ነው። ሁለተኛው ደመወዙ አነስ ይላል፤ ግን በምግቡም በአለቃውም በአየሩም ማጉረምረም ይፈቀዳል። በገንዘብ ወዳድነታችን አገር የሚያማን እኛ፣ ሁለተኛውን ውል መርጠን ፈረምን። እውነት ይሁን ተረት እኔ አላውቅም። ማጉረምረማችንን ግን ሙጉኞ ብለን ስም አውጥተንለታል፤ ሙጉኞ የሌለበት ማዕድ ለእኛ የለቅሶ ቤት ማዕድ ነው።

አምፔሊዮ በወደቡ ጎታች ጀልባ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሞተር ሠራተኛ ነበር። ሥራው መሸኘት ነው። ፎቅ የሚያካክሉትን ነጫጭ የመዝናኛ መርከቦች እየጎተቱ እስከ ማዕበል መከላከያው ግንብ ያደርሷቸዋል፤ ከዚያ ገመዱ ይፈታል፤ መርከቡ ወደ ሰፊው ባሕር፣ አምፔሊዮ ወደ ቤቱ። ዕድሜውን በባሕር ላይ ፈጅቶ ከግንቡ ማዶ ያለውን አያውቅም ነበር። ጡረታ የወጣ ዕለት ኤዲልያ «ስንቱን ስትሸኝ ኖረህ፤ እስኪ ደግሞ እኛን ይሸኙን» አለችውና ትኬት ቆረጠች። በኅዳር፣ ቱሪስቱ ሁሉ አገሩ ሲገባ፣ በጣም ርካሽ የሆነውን የአንድ ሳምንት ጉዞ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይሄዳሉ።

ከጉዞ ሲመለስ ሳምፒየርዳሬና ሰፈር ባለው የቦቼ ማኅበር ይጠበቃል። ኳስ የሚያንከባልሉት ጡረተኞች ጨዋታቸውን አቁመው ይከቡታል፤ እሱም ሾርባውን፣ ዳቦውን፣ አልጋውን አንድ በአንድ እያነሳ ያጉረመርማል፤ እነሱም ካጉረመረመው ብዛት ጉዞው ምን ያህል እንዳማረ ይለካሉ። ዘንድሮ ግን ሌሎች ተጓዦች ሌላ ወሬ ይዘው መጡ። ጉዞው እንደ ድሮው አይደለም፤ የጠረጴዛው ልብስ ቀርቷል፤ ዓሣው ሳስቷል፤ አንድ አስተናጋጅ የሁለት አስተናጋጆችን ጠረጴዛዎች ብቻውን ይዞ ይሮጣል ተባለ። ጋስፓሬ የሚባለው የቀድሞ ፀጉር አስተካካይ፣ የማኅበሩ ምላስ፣ ከመሄዳቸው በፊት አምፔሊዮን ያዘው።

«እኔና ሚስቴ በመጋቢት ልንሄድ አስበናል። ሂድና እየው። ያዋጣል ካልክ እንሄዳለን፤ አያዋጣም ካልክ እዚሁ ቤታችን ተቀምጠን እንጣላለን» አለው።

«ቤትህ ተቀምጦ መጣላት ርካሽ ነው» አለ አምፔሊዮ። «ግን ፎቁ ያንሳል።»

መጀመሪያ ማታ ጠረጴዛቸው ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ሆነ። ልብስ የለውም፤ ወረቀት ነው የተነጠፈበት። የመጣላቸው አስተናጋጅ አርባ ዓመት የሆነው፣ ጠጉሩ ከግራና ከቀኝ ሸበት ያለ፣ ከሕንድ አገር ከጎዋ የመጣ ሰው ነው። ደረቱ ላይ አግኔሎ የሚል ስም ተለጥፏል።

«ይሄ በእኛ አገር ጠቦት ማለት ነው» አለው አምፔሊዮ።

«አውቃለሁ ሲኞር። እዚህ መርከብ ላይ በየሳምንቱ ይነገረኛል» አለ አግኔሎ በፈገግታ። ጣሊያንኛው ቀስ ያለ ቢሆንም ጥሩ ነበር።

ሾርባው መጣ። አምፔሊዮ ማንኪያውን ሳያነሳ «ዘግይቶ መጣ» አለ። ቀመሰና «ደግሞም ቀዝቅዟል» አለ። የአግኔሎ ፈገግታ ጠፋ። ይቅርታ ጠይቆ ሳህኑን ሊያነሳ ሲል አምፔሊዮ በሁለት እጁ ያዘበት።

«ወዴት ነው የምትወስደው? ልበላው ነው እኮ።»

«ቀዝቅዟል ስላሉኝ ልቀይርልዎ ብዬ ነው ሲኞር።»

«ቢቀዘቅዝስ? ሾርባ ነው፤ የማርሽ ዘይት አይደል።»

ኤዲልያ ሳቀችና «አትስማው ልጄ፤ እሱ ወጉ ነው» አለችው። ላለመስማት ግን አግኔሎ መብት አልነበረውም። እንግዳ ቅሬታ ካሰማ ለአለቃ መንገር የመርከቡ ደንብ ነው፤ አግኔሎም ሐቀኛ ሰው ነበርና በየማታው ሄዶ ራሱን ራሱ ያስመዘግብ ነበር። ይህን ያን ጊዜ አምፔሊዮ አላወቀም።

በማግስቱ ፓስታ በፔስቶ፣ በበሶብላና በዘይት በሚወቀጠው ስልሳችን፣ ሆነ። ጄኖቫ ውስጥ በፔስቶ ነገር ወንድም ከወንድሙ ይኳረፋል፤ መርከብ ላይ ቢሆን እንዴት ይታለፋል። አምፔሊዮ ፓስታውን በሹካ ገላልጦ አየው።

«ድንቹ የት አለ? ፎሶሊያው የት አለ? ይሄ በሶብላ እኮ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ የወጣ ነው።»

በጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ሳቁ። አምፔሊዮም ደስ አለውና ደገመላቸው። አግኔሎ አልሳቀም። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሄደ።

በሦስተኛው ማታ ፓስታው በምግብ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። አግኔሎ ግን ከወጥ ቤቱ በር በእጁ አንዲት ሳህን ይዞ ወጣና አምፔሊዮ ፊት አስቀመጠ። ፓስታ በፔስቶ ነው፤ ድንችና ፎሶሊያ አብሮ ተቀቅሎበታል። ወጥ ሠሪዎቹን ለምኖ፣ ለዚህ ለአንድ ሰው ብቻ ያሠራው ነው። እንፋሎቱ ገና ይወጣል።

አምፔሊዮ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ከእናቱና ከሚስቱ በቀር እንዲህ አስቦለት ያበሰለለት ሰው የለም። ልቡ ስለተነካ ሙጉኞውም የዚያኑ ያህል ትልቅ ሆነ።

«ድንቹ ትልልቅ ሆኖ ነው የተቆረጠው» አለ ጮክ ብሎ። «ፎሶሊያው ረዝሟል፤ አንገት ያስራል። በሶብላው ያው የትናንቱ ሽማግሌ ነው። ጨውማ ተዉት፤ ጨውን ወደብ ላይ ረስተውት ነው የመጡት።»

ይህን እያለ አንዲት ክር ሳያስቀር በላ፤ ሳህኑንም በዳቦ አጽድቶ እንደ መስታወት አደረገው። ለእሱ ይህ ሜዳልያ እንደመስጠት ነበር። አግኔሎ ግን ባዶውን ሳህን አንስቶ ሲሄድ ትከሻው ወርዶ ነበር፤ ኤዲልያ አየችው።

«ሰውዬው ያዘነ መሰለኝ» አለች።

«ለምን ያዝናል? ስበላ አላየኝም?»

በአራተኛው ማታ አግኔሎ አልመጣም። በእሱ ምትክ አንዲት ቀጭን አስተናጋጅ ሳህኖቹን እንደ መጫወቻ ካርታ እያደለች አለፈች። ምግቡ በሰዓቱ መጣ፤ ትኩስም ነበር። አምፔሊዮ አንድ ቃል አልተናገረም። ሳህኑን በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ መስኮቱ አየ።

የአስተናጋጆቹ አለቃ ሲኞር ዛኔላ፣ ልብሱ ላይ አንዲት እጥፋት የማይገኝበት የቬኔቶ ሰው፣ እጁን እያሻሸ ቀረበ። «ዛሬ ሁሉም በደህና ነው መሰለኝ ሲኞር ካኔፓ። አንድም ቅሬታ አልሰማሁም።»

«ያ ጠቦቱ የት ሄደ?»

«አይጨነቁ። በቅሬታዎ መሠረት ከዚህ አንስተን ላይኛው ቡፌ ላይ ሳህን እንዲያነሳ አድርገነዋል። ከእንግዲህ አያስቸግርዎትም።»

አለቃው ሄደ። አምፔሊዮ ኤዲልያን አያት። «በቅሬታዎ አለኝ እንዴ? የምን ቅሬታ?»

ኤዲልያ ሹካዋን አስቀመጠች። «ተነስ» አለችው። «ሄደህ ሰውዬውን ጠይቀው።»

ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው ቡፌ እንደ ገበያ ነው። ሰው ሳህኑን ይቆልላል፤ ግማሹን ትቶ ደግሞ ለሌላ ይሰለፋል። አግኔሎ የምግብ አዳራሹን ነጭ ጃኬት አውልቆ በሸሚዝና በሽርጥ ሆኖ፣ የተረፈ ድንች ጥብስ ያለበትን የሳህን ክምር እስከ አገጩ ተሸክሟል። አምፔሊዮን ሲያይ ክምሩን አስቀምጦ ቆመ።

«ምን ላምጣልዎ ሲኞር?»

«ምንም አታምጣ። ማን ከስሶህ ነው እዚህ የጣሉህ?»

አግኔሎ ወደ ኤዲልያ አየ፤ ከዚያ ወደ መሬት። «እርስዎ ነዎት ሲኞር።»

«እኔ? እኔ መቼ ከሰስኩህ? ድንቹን ጠራርጌ በላሁልህ እኮ።»

«ትልልቅ ሆኖ ተቆርጧል አሉ። ጨው የለውም አሉ። ሦስት ማታ በተከታታይ ቅሬታ የመጣበት ሰው አዳራሹ ውስጥ አይቆይም።» ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። «ውሌ ከፋሲካ በፊት ያልቃል። ተመልሶ የሚጠራውና የማይጠራው የሚለየው በሚባልለት ነው። ትልቋ ልጄ ነርስነት ትማራለች። ሲኞር፣ አልቀየምኩዎትም። ላስደስትዎት ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም።»

አምፔሊዮ ጠጋ አለው። ስለ ሙጉኞ፣ ስለ ጥንቱ የመርከበኞች ውል ሊያስረዳው ጀመረ። አግኔሎ በትሕትና ሰማው። ከወዲያ ማዶ አንድ ተቆጣጣሪ ሲያያቸው ግን «ይቅርታ ሲኞር፣ ቆሜ ማውራት አይፈቀድልኝም» ብሎ ክምሩን አንስቶ ሄደ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የአምፔሊዮ ወለምታ ደግሞ የአንድ ቀን አልነበረም፤ የዕድሜ ልክ ነው። ቢሆንም በማግስቱ ጠዋት ሲኞር ዛኔላን አዳራሹ በር ላይ አገኘው።

«ያንን ሰው መልሰው» አለው። «ቅሬታ የለኝም።»

«ሲኞር ካኔፓ፣ ሦስት ማታ በተከታታይ ያሉት ተመዝግቧል።»

«እሱ ቅሬታ አይደለም። ንግግር ነው።»

ዛኔላ ክፉ ሰው አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲያው ይርዱኝ። ከላይ ያሉት እኔን የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ እንግዳው ረክቷል ወይስ አልረካም? አግኔሎ በሠራልዎት ሥራ ረክተዋል?»

«አይከፋም።»

«አይከፋም ማለት ምን ማለት ነው?»

«በእኛ ሰፈር ትልቅ ነገር ነው።»

«እኔ ግን የምሠራው በእርስዎ ሰፈር አይደለም። ረክተዋል?»

አምፔሊዮ ላብ ላብ አለው። ከኋላው ቁርስ የሚጠብቁ ሰዎች ተሰልፈዋል። «የባሰም አይቻለሁ» አለ። ዛኔላ ጠበቀው። «በልቻለሁ፤ አልታመምኩም» አለ አምፔሊዮ። ዛኔላ ራሱን ነቀነቀ።

«እነዚህን ቃላት ይዤ ምንም ማድረግ አልችልም። እስከ መጨረሻው እራት ጊዜ አለዎት።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መርከቡ ከፓሌርሞ ሲወጣ አምፔሊዮ ብቻውን የመርከቡን የጠርዝ አጥር ተደግፎ ቆመ። ከታች አንድ ጎታች ጀልባ ገመዱን ወጥሮ ይጎትታል። በመሐል የሞተር ሠራተኛው አየር ሊወስድ ከሞተሩ ጉድጓድ ብቅ አለ፤ ፊቱ በዘይት ጠቁሯል፤ አንገቱን በጨርቅ ይጠርጋል። አምፔሊዮ ያንን ጨርቅ ያውቀዋል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከነጩ መርከብ ላይ ለካፒቴኑ እጅ ሲወዛወዝ አይቷል፤ ለባሕር ወፎች ሳይቀር ሲወዛወዝ አይቷል። ወደ እሱ ጉድጓድ ግን ማንም እጁን አላነሳም፤ እሱም ግድ እንደሌለው ለራሱ ሲነግር ኖሯል። ግድ ነበረው። አሁን እጁን አንስቶ ወደ ታች አወዛወዘ። ሰውዬው አላየውም፤ ተመልሶ ገባ።

እዚያው ቆሞ ሲያስብ የጥንቱ ውል ነገር መጣበት። በዚያ ውል የሚያጉረመርመው ሰው ዋጋውን የሚከፍለው ራሱ ነበር፤ ከራሱ ደመወዝ። እዚህ ግን የሚያጉረመርመው እሱ፣ የሚከፍለው አግኔሎ። ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ የሚነሳው እሱ፣ ሳህኑን ተሸክሞ የሚቀረው አግኔሎ። ይህ መብት አይደለም፤ በሰው ኪስ መጋበዝ ነው። አምፔሊዮ አፈረ።

የመጨረሻው እራት ላይ ሲኞር ዛኔላ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየዞረ ሲሰናበት አምፔሊዮ ተነስቶ ቆመ። የወረቀት ናፕኪኑ ከአንገትጌው አልወረደም። ጆሮው ቀልቷል።

«ሲኞር ዛኔላ» አለ፤ ድምፁ ከፈለገው በላይ ጮኸ፤ ሰውም ሁሉ ዞሮ አየው። «አግኔሎ ጥሩ ሠርቷል። ሾርባው ጥሩ ነበር። ድንቹም ጥሩ ነበር፤ ለእኔ ብሎ አሠርቶ አመጣልኝ፤ ከቤቴ ውጭ እንደዚያ ያለ ምግብ በልቼ አላውቅም። ረክቻለሁ። አመሰግነዋለሁ።» «ይኸው ነው» ብሎ ተቀመጠ።

አንዲት ቃል አልቀነሰም፤ አንድም «ግን» የምትል ቃል አልጨመረበትም። ከጎረቤት ጠረጴዛ አንድ የሳቮና ሰው ሚስቱን «ታሞ ይሆን?» ሲላት ተሰማ። ዛኔላ «አሁን ገባኝ» አለና ሰው ወደ ላይኛው ፎቅ ላከ። ጥቂት ቆይቶ አግኔሎ ነጩን ጃኬት ለብሶ፣ ከላይኛው ፎቅ በሩጫ መውረዱ ከአተነፋፈሱ እየታወቀ፣ ኬኩን ይዞ መጣ። አምፔሊዮ ቀመሰው። ኬኩ ደረቅ ነበር። ሊናገር አፉን ከፈተና «ጥሩ ነው» አለ። አግኔሎ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር።

አምፔሊዮ ደስታውን ሊያካፍል ወደ ኤዲልያ ዞረ። ኤዲልያ ናፕኪኗን አጥፋለች፤ ያንኑ ደግማ አጥፋለች፤ ደግማ ደጋግማ እያጠፈች ነበር። ኬኩን አልነካችውም።

በማግስቱ ጠዋት ጄኖቫ ደርሰው ሻንጣቸውን ይዘው ለመውረድ ተሰለፉ። ኤዲልያ ፊት ለፊት እያየች «አርባ አራት ዓመት» አለች።

«ምኑ?»

«ያበሰልኩልህ። ድንቹን እናትህ እንደምትቆርጠው መቁረጥ የተማርኩት በሁለተኛው ወር ነው። ያን ጊዜ ምን አልከኝ?»

አምፔሊዮ አሰበ። «ሁሉን በላሁት።»

«ለአግኔሎም ሁሉን በላህለት። አልበቃውም። ለእሱ ግን ተነስተህ ቆምክ።» አልጮኸችም፤ እንደዚያ ረጋ ባትል ይሻለው ነበር። «እኔ ሙጉኞህን አውቀዋለሁ፤ ትርጉሙን አላጣሁትም። ግን ሌላ ቋንቋ የምትችል አይመስለኝም ነበር። ትችላለህ ለካ።»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። አምፔሊዮ ሁለቱንም ሻንጣ አነሳ።

እቤት ከገቡ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። በመጀመሪያው ምሳ «ኤዲልያ፣ ሾርባው ጥሩ ነው» ቢላት፣ «ከመርከቡ የተረፈውን ነው የምታመጣልኝ?» አለችው። እውነቷን ነው። ስለዚህ ምስጋናውን ተወ። ለማጉረምረምም አፈረ። ያለ ሙጉኞና ያለ ምስጋና ዝም ብሎ ይበላ ጀመር። በዚያ ቤት ዝምታ ማለት ደግሞ ምግቡ አልጣመም ማለት ነው፤ እሷም ታውቃለች፤ እሱም እንደምታውቅ ያውቃል። ሁለቱ ሽማግሌዎች በማንኪያ ድምፅ ብቻ ከረሙ። ኤዲልያ ትታው የምትሄድ ሴት አይደለችም። ግን ከዚህ በኋላ ያለው ዕድሜ እንዲህ በዝምታ እንዳያልቅ አምፔሊዮ ፈራ። የሞተር ፍንዳታን እንኳ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

መርከቡ በየሳምንቱ ይመለሳልና አንድ ዓርብ ፎካቻ፣ ዘይት የጠጣውን ጠፍጣፋ ዳቦ፣ በወረቀት አስጠቅልሎ ወደቡ በር ላይ ቆመ። ሠራተኞቹ ወደ አገራቸው ስልክ ሊደውሉ ሲወጡ አግኔሎም ወጣ። ወደ አዳራሹ ተመልሷል። ሲኞር ዛኔላም ለሚቀጥለው ውል ስሙን ሰጥቶለታል። ፎካቻውን እዚያው በሩ አጠገብ ባለ ግንብ ላይ ተቀምጠው ተካፈሉት።

«ያሉትን ለሚስቴ በስልክ ነገርኳት» አለ አግኔሎ። «ደግመህ ንገረኝ አለችኝ። እንደገና አስደገመችኝ። ከዚያ ለእናቷ ልትነግር ሮጠች።»

አምፔሊዮ ፎካቻውን ወረቀቱ ላይ መልሶ አስቀመጠው። ጎዋ ውስጥ አይቷት የማያውቃት ሴት የእሱን ቃል እያስደገመች ትሰማለች። የገዛ ሚስቱ ከዚያ ጉዞ በፊት አንዴ እንኳ አልሰማችውም። ከዚያ ወዲያ አንዴ ቢነግራትም፣ አስቀድሞ ለሌላ ሰው ስለሰጠው ቃሉ ዋጋ አጥቶ ነበር። ወደ ቤቱ ሲመለስ አውቶቡስ አልያዘም፤ በእግሩ ሄደ።

እሑድ በቦቼ ማኅበሩ የጋራ ምሳ ነበር። ተራው የነ ኤዲልያ ስለነበር ከጠዋት ጀምራ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ከኋላ ባለው ወጥ ቤት ሚኔስትሮኔ ታማስላለች። ወንዶቹ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ወይን ይቀዳሉ። ጋስፓሬ ጠርሙሱን አስቀመጠ።

«እስካሁን ትንፍሽ አላልክም። ጥርስህን አውልቀው ነው የላኩህ? ሚስቴ ሻንጣ ልትገዛ ነው። ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?»

«አልጋው ንጹሕ ነው» አለ አምፔሊዮ። «ባሕሩ ያው ባሕር ነው፤ አልቀነሱበትም። ምግቡ መካከለኛ ነው። ዳቦው ከድሮው ይከፋል፤ ኬኩ ደረቅ ነው። ለምንከፍለው ግን ያዋጣል፤ ለእኛ ያዋጣል።»

«ለእኛ ማለት?»

«ጉዞው የረከሰልን ምግቡን ስላሳሱት ብቻ አይደለም። የሁለት ሰው ሥራ አንድ ሰው ይሠራል። በዚያ ላይ እኔ ሄጄ አጉረመረምኩበትና እንጀራውን ላሳጣው ምንም አልቀረኝም። ብትሄድ ሂድ፤ ጥሩ ነው። ግን የምታጉረመርም ከሆነ እዚህ መጥተህ እኛ ላይ አጉረምርም። እዚያ ለሚያበላህ ሰው ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው በለው። ቃሉ አይገልም፤ ሞክሬዋለሁ።»

ጋስፓሬ ሊቀልድ አፉን አዘጋጀ፤ የአምፔሊዮን ፊት አይቶ ግን ተወው።

«አንድ ሌላ ነገር አለ» አለ አምፔሊዮ። የወጥ ቤቱ በር ክፍት እንደሆነ ያውቃል፤ ማማሰያው እንደቆመም ሰምቷል። ወደ በሩ አልዞረም፤ ዞሮ መናገር አልቻለም። «ያ ሰውዬ ለእኔ ብሎ ድንች ቢቀቅልልኝ ልቤ ተነክቶ ሰው ፊት ቆምኩ። አንድ ሳህን ድንች ነው። በቤቴ ያ ሳህን ለአርባ አራት ዓመት በየቀኑ ሲቀርብልኝ ኖሯል። ሁልጊዜ ጥሩ ነበር። ጥሩ ያልነበረበትን ቀን አላስታውስም። እኔ ደግሞ ጨው አነሰው ስል ኖርኩ። ደደብ ነኝ። ይሄንን በእናንተ ፊት የምለው ለሷ ብቻዋን ብላት ስለማታምነኝ ነው፤ ባታምነኝም እውነቷን ነው።»

ሰው ሲሞት እንኳ የሚለው የማያጣው ጋስፓሬ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ።

ኤዲልያ ትልቁን ድስት በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠችው፤ ጭልፋውን አነሳች፤ ከሁሉ አስቀድማ ለአምፔሊዮ ቀዳችለት። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ከእንፋሎቱ ይሁን ከሌላ ነገር እርጥብ ነበር።

«ዘግይቶ መጣ» አለች። «ደግሞም ቀዝቅዟል።»

አምፔሊዮ ቀና ብሎ አያት። የኤዲልያ አገሯ ከተራራው ወዲያ ፒየሞንቴ ነው፤ እዚያ ሰው በሙጉኞ አይናገርም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን አጉረምርማበት አታውቅም ነበር።

ማንኪያውን አንስቶ በላ። ሳህኑን በዳቦ ሲጠርግ፣ ገና ሳይጠይቃት ደገመችለት።